የአንድ ቀን ቅምሻ

ሱቁ ሰፊ አይደለም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ብርቱካን ሊመርጥ ይችላል፤ ሦስተኛው ከመጣ ደረጃው ላይ ይጠብቃል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ አራት የፍራፍሬ ሱቆች አሉ፤ ደረጃው ላይ ሰው የሚጠብቅበት ግን ይሄኛው ብቻ ነው። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሻጯን “እትዬ ቅምሻ” ብለው የሚጠሯትም ለዚሁ ነው።

ደንበኛ ማንጎ አንስቶ ይጣፍጣል ወይ ሲላት አፏ ቶሎ አይመልስም። ከሽርጧ ኪስ ትንሽ ቢላዋ ታወጣለች፤ ከዚያው ሳጥን ለቅምሻ ብላ ጥግ ካስቀመጠችው ፍሬ አንድ ቁራጭ ታነሳለች፤ ቁራጩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለደንበኛው፣ ግማሹን ወደ ራሷ አፍ ትልካለች። “ይጣፍጣል” ወይም “ለነገ ይቆይ” ወይም “ይሄን ለጠላቴም አልሸጥም” የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ፊት ለፊቷ ቆሞ የሚያኝከው ሰው የራሱ ምላስ እያለው የእሷን ፍርድ ይጠብቃል።

ይህን ያስተማረቻት ሱቁን ያወረሰቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ ቁልፉን በሰጠቻት ቀን አንድ ቃል አስገብታታለች። ምላስሽ ያልነካውን ጣፋጭ ነው ብለሽ እንዳትሸጪ አለቻት፤ ሰው ሥራ ውሎ ሲገባ ለልጁ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው፣ ቤት ደርሶ ቢኮመጥጥ የሚያፍረው በልጁ ፊት ነው። ቅምሻ ቃሏን ሰጠች፤ ሃያ ሰባት ዓመትም አላጠፈችውም። ጠዋት ሳጥኖቹ ሲመጡ ከላይ አንድ፣ ከመሀል አንድ፣ ከሥር አንድ ትቀምሳለች። ወይን ከሆነ ከየዘለላው አንዲት ፍሬ ትለቅማለች። ከጊዜ ብዛት እጇ ይህን የሚሠራው እሷን ሳያስፈቅድ ነው፤ ስለ ሌላ ነገር እያወራች፣ መልስ እየሰጠች፣ ልጆች ደረጃው ላይ እንዳይወድቁ እየተቆጣች ቢላዋው ይቆርጣል፣ እጇም ወደ አፏ ይሄዳል።

ስኳር እንዳለባት ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ውሃ ጥሙ አልቆርጥ ብሏት፣ እግሯን እየጎተተች፣ የሚዛኑ ቁጥር እየደበዘዘባት ስትቸገር ልጇ እጇን ይዛ ክሊኒክ ወሰደቻት። እዚያ ያለው ነርስ ጡረታው የተቃረበ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን አያችሁ ወይ የሚል ሰው ነው። ኪኒኑን አሳያት፣ ስለ እግር አጠባበቅና ስለ መራመድ ነገራት፣ ጣፋጭ ነገርም ይቀንሱ አላት። እሷ ግን መቀነስ የሚባለውን ነገር አታውቅበትም። ያን ዕለት በራሷ ላይ ፈረደች፤ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች፣ ፍራፍሬን ደግሞ ጭራሽ ተወች። በፍራፍሬ መሀል ተቀምጦ ፍራፍሬ የተወ እንደ እኔ ያለ ማን አለ ብላ በልቧ ትንሽ ትኮራለች። ኩራቷን በጸሎቷ መሀል ስትደርስበት ደግሞ ይቅር በለኝ ትላለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜ ልኩን አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ የኖረ፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ግን ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። ዓይኑ ስለደከመ አሁን አዲስ ልብስ አይቆርጥም፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ሚስቱ ፍራፍሬ ከተወች ወዲህ እሱም በፊቷ አይበላም። ሙዝ ሲያምረው ጓሮ ወጥቶ ይበላና ልጣጩን በኪሱ ይዞ ይመለሳል። እሷ ልብሱን ስታጥብ ልጣጩን ታገኘዋለች፤ ጥላው ማጠቧን ትቀጥላለች።

ይህን ሁሉ አድርጋም ስኳሩ አልወርድ አለ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ መጀመሪያ ስምንት ነበር፣ ከዚያ ዘጠኝ ሆነ፣ ከዚያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ነርሱ መነጽሩን ከግንባሩ ዓይኑ ላይ አውርዶ የምትበላውን አንድ በአንድ ጠየቃት። ፍራፍሬ ጋ ሲደርስ፣

“እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣” አለች፣ “ከታመምኩ ወዲህ አንድ ፍሬ አልበላሁም።”

ነርሱ አመናት። ችግሩ ሌላ ቦታ ከሆነ መድኃኒቱን ማጠንከር ነው፣ በመርፌም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሦስት ወር እንይ አለ። ልጇ ግን አላመነችም። ፖስታ ቤት የምትሠራ፣ አድራሻ አጉድሎ የሚጽፍ ሰው የማትወድ፣ ነገር ሁሉ በቦታው እንዲሆን የምትፈልግ ሴት ናት። ከክሊኒኩ እንደወጡ በሩ ላይ ቆመች።

“እማ፣ ተደብቀሽ እየበላሽ ነው።”

ቅምሻን ንዴት ብቻ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ የተሰማት ግን ሌላ ነው። ልጄ ውሸታም አለችኝ ብላ መንገዱን ሙሉ እንባዋን ስትውጥ ሄደች።

ልጅቷ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። አክስትየዋ በመጨረሻ ዘመኗ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ያኔ ሁሉም እርጅና ነው አለ፤ ስኳር ይሁን ሌላ የመረመራት የለም። እጇን ይዛ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት የምታመላልሳት የስምንት ዓመቷ ልጅ ይህችው ልጅ ነበረች። አሁን እናቷ የሚዛኑን ቁጥር ጎንበስ ብላ ስታነብ ስታያት ያ ዘመን ይመለስባታል። ሱቁን ተዪው አለቻት፤ ከጣፋጭ ጋር እየዋልሽ አትድኚም፣ የሚረከብሽ ሰው አገኝልሻለሁ፣ እኔ ጋ ነይ። ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ እናትየዋ አንድ ነገር ቃል ገባች፤ የሦስት ወሩ ውጤት ካልወረደ ቁልፉን በገዛ እጇ ልታስረክባት። ቃል መግባቷን ባሏ ሲሰማ መርፌውን አስቀመጠ። ይህች ሴት ቃሏን እንደማታጥፍ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እሱ አምኗታል። ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ ልኩ አልገጥም ያለ ልብስ ሲያጋጥመው ደንበኛውንም ጨርቁንም አይወቅስም፣ እንደገና ይለካል። በማግስቱ ረፋድ ላይ የሚያሳጥረውን ሱሪ ጠቅልሎ፣ ምሳ የሚበላበትን ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ሱቁ መጣ። ቤቱ ጨለመብኝ፣ እዚህ ብርሃኑ ይሻላል አላት። ባዶ ሳጥን ገልብጦ ጥግ ተቀመጠ፤ ሳህኑን አጠገቡ አድርጎ የሱሪውን እግር ደረበበት። ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ ዋለ። አልፎ አልፎ ለቅምሻ ካስቀመጠችው ፍሬ ላይ ሲቆርጥ አይታው፣ “ዛሬስ አምሮሃል” አለችው፤ ጓሮ ሄዶ ከመብላት ተገላገለ ብላ ደስ አላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አወረደች። ባሏ ተነሣ፤ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሱሪውን ገለጠው። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ጫፉ የጠቆረ ሙዝ፣ ወይን፣ አናናስ፣ ሁሉም በቀጭን በቀጭኑ ተቆራርጦ ከሳህኑ ጠርዝ በላይ ተከምሯል።

“ይሄ ምንድነው?”

“ያንቺ ነው።”

“የኔ?”

“የዛሬ ቅምሻሽ ነው እመቤቴ። አንቺ አንድ ወደ አፍሽ ስትልኪ እኔ በዚያው ልክ አንድ ሳስቀምጥ ዋልኩ። ጠዋት ሳጥን ስትከፍቺ የቀመስሽው የለበትም፤ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።”

ቅምሻ ሳህኑን ረጅም ጊዜ አየችው። ለደንበኛ ቢሆን ይሄ ለስንት ሰው ይበቃል ትል ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

“በእግዚአብሔር ስም ምዬ ነበርኮ፣” አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

“አልዋሸሽም። የበላው እጅሽ ነው፤ ላንቺ አልነገረሽም።”

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ፣ ሱሪውን የማን ሱሪ ነው በጭማቂ ያበላሸኸው ብላ ተቆጣችው።

በማግስቱ ሳህኑን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ክሊኒክ ይዛው ሄደች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለነርሱ ስጦታ ያመጣች መስሏቸው ነበር። ነርሱ ጨርቁን ሲገልጥ መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ አገኘው። የሆነውን ሁሉ ስትነግረው አልሳቀባትም። ቁራጮቹን በማንኪያ ወዲያና ወዲህ እያደረገ፣ ይህ የአራት የአምስት ሰው ድርሻ ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ፤ ደምዎ የሚያርፍበት ሰዓት አልነበረውም አላት። ኪኒኑ ደካማ ሆኖ ሳይሆን እርስዎ ከኋላው እየሞሉበት ነው አላት። ቀጥሎ የነገራት ግን አፏን አስከፈታት። ፍራፍሬ አልከለከልኩዎትም አለ። አንድ ፍሬ፣ ከጭብጥዎ ያልበለጠ፣ ከምግብዎ ጋር ወይም ከጥቂት ለውዝ ጋር፣ ተቀምጠው፣ ሳይጨምቁ። ማንጎና ሙዝ ትልቅ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ሲበሉና ሳይበሉ ስኳርዎን እየለኩ የሚስማማዎትን ይለያሉ።

“እንግዲያው ልበላ እችላለሁ?” አለችው።

“መብላት ይችላሉ እህቴ። መቅመስ ነው የማይችሉት።”

ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋ ከበዳት። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት ነበረች። ፓፓያ አንስታ ይጣፍጣል ወይ አለቻት። ቅምሻ ቢላዋዋን አወጣች፣ ቆረጠች፣ ግማሹን ለሴትየዋ ሰጠች፤ ግማሹን ይዛ ቆመች።

“አላውቅም፣” አለች።

ሴትየዋ ታመሽ ወይ አለቻት፤ ፓፓያውንም ሳትገዛ ሄደች። የራሷ ምላስ ጣፋጭ ነው ብሏት እንደሆነ እንጃ፤ ግን በዚህ ሱቅ ማንም በራሱ ምላስ ገዝቶ አያውቅም። ቀኑን እንዲህ ዋለች። ቀለሙን አይታ፣ የተቀነጠሰበትን ጫፍ አሽትታ፣ ሐብሐቡን በጣቷ ቆርቁራ መገመት ትችላለች፤ ከአሥሩ ዘጠኙን አትስትም። ግን አሥረኛውን የገዛ ሰው ይዞት የሚገባው ልጁ ጋ ነው። የአክስቷ ቃል በአንድ በኩል፣ ለልጇ የሰጠችው ቃል በሌላ በኩል ያዟት። ማታ ስትጸልይ ጤና ስጠኝ አላለችም፤ ሳልዋሽ እንጀራዬን የምበላበትን መንገድ አሳየኝ ነው ያለችው።

መንገዱ በማግስቱ ሱሪዎቹን ጠቅልሎ መጣ። ባሏ ገልብጦት በነበረው ሳጥን ላይ ተቀመጠና፣ በይ ምላሴን ተከራዪው አላት። እኔ ስኳር የለብኝም፤ ተመርምሬያለሁ።

ምላሱ ግን ምንም አያውቅም ነበር። ማንጎ ስታቀምሰው ደህና ነው አለ። ብርቱካን ስታቀምሰው ደህና ነው አለ። ያልበሰለ አናናስ ሰጥታው ፊቱ ተጨማዶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ደህና ነው አለ። ተስፋ ቆርጣ ልትተወው ስትል ወይን በአፉ ያዘና ጣቶቹን እርስ በርስ አፋተገ፤ ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያደርገው።

“ይሄ ሐር ነው፣” አለ።

ቀና ብላ አየችው። ፓፓያ ሰጠችው። ጥጥ ነው አለ፣ ደህና ጥጥ፣ የሕፃን ልብስ የሚሠራበት። የጠዋቱን አናናስ ደገመችለት። ጆንያ ነው አለ፤ ያውም ገለባ ያለበት። ሐብሐቡን ብዙ አኘከውና፣

“ይሄ ገበር ብቻ ነው። ጨርቁ የታለ?”

የዚያን ቀን ተያይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሆነ፤ ጠዋት እሷ በዓይኗና በአፍንጫዋ ትለያለች፣ እሱ ይቀምሳል፣ እሷ ጨርቁን ትሰማለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጣቱ ያወቀውን ምላሱ ሲያውቀው አልሳተም። ለደንበኛውም እውነቱን ትነግራለች፤ እኔ አልቀመስኩም፣ የቀመሰው ባሌ ነው፣ ከፋይ ጨርቅ ነው ብሏል። ሰፈሩ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ለመደው፤ በወሩ ደግሞ ከደረጃው ላይ “ዛሬ ማንጎው ሐር ነው ወይስ ካኪ?” የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። የዘበኛው ሚስት ካኪ ያላችሁትን ስጡኝ፣ ባሌ ጠንከር ያለ ይወዳል ትላለች።

እጇ ግን አልተቀየረም። አትቅመስ ስትለው እሺ ይላል፤ ስትዘነጋው ወደ አፏ ይሄዳል። ባሏ ከሸሚዝ ትራፊ ነጭ የአፍ መሸፈኛ ሰፋላት፤ እጇ ሲመጣ ጨርቁን መትቶ ይመለሳል። የመጀመሪያ ቀን ሲዘጉ መሸፈኛውን አውልቃ ብርሃን ላይ ያዘችው፤ አሥራ አንድ ቦታ ነጠብጣብ አለበት፤ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ የወይን ሐምራዊ። ባሏ አበባ ያለው ጨርቅ ሆነልሽ አላት። ሁለተኛው ሳምንት ሰባት ሆነ። ሦስተኛው ላይ ሁለት። አንድ ቀን ማታ መሸፈኛው እንደ ጠዋቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ አጣጥፈው አስቀመጡት።

የእሷ ድርሻ አራት ሰዓት ላይ ነው። ባሏ ጭብጧን በሜትር ዙሪያውን ለክቶ፣ ከብርቱካኖቹ መሀል የሚስተካከለውን ይመርጣል። መሸፈኛውን ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ በሹክሹክታ ታመሰግናለች፣ ከጥቂት ለውዝ ጋር ትበላለች። ደንበኛ ቢመጣ ይጠብቃል። ሃያ ሰባት ዓመት ፍራፍሬ ስትቀምስ ኖራ አንድ ብርቱካን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልታ እንደማታውቅ የገባት ያኔ ነው። የመጨረሻው ክፋይ እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ምላስ ከተረጋጋ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጣዕም አለው። ለባሏ ልትነግረው ፈልጋ የጨርቁ ስም አልመጣላት አለ።

ሦስት ወሩ ሞላ። ውጤቱ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልጇ ከፖስታ ቤት ወጥታ ከክሊኒኩ ተቀብላ ታምጣው ተባባሉ። ባሏ ያለቀ ሱሪ ሊያደርስ ሄዶ ነበር፤ ቅምሻ ብቻዋን ናት። ልጇ ደረጃው ላይ ከመታየቷ በፊት ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ወርዶም እንደሆነ፣ ሳይወርድም እንደሆነ፣ የገባችውን ቃል ደብቃ መጠበቅ አልወደደችም።

ልጇ ገባች። ፖስታው ተከፍቷል። መንገድ ላይ ቆማ እንዳነበበችው ከዓይኗ ያስታውቃል። ቁልፉን አየችው። ወረቀቱን ዘረጋችላት። ቅምሻ ጎንበስ አላለችም፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ በበሩ ብርሃን አነበበችው። ሰባት ነጥብ ሦስት። ከሥሩ ነርሱ በእጁ፣ “መርፌው አሁን አያስፈልግም፤ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ” ብሎ ጽፏል።

“ተመስገን፣” አለች ቀስ ብላ፤ ደጋግማም አለችው።

ልጇ ቁልፉን አንስታ በእናቷ የሽርጥ ኪስ ከተተችው። እጇ ግን ከኪሱ አልወጣም፤ ሽርጡን እንደያዘች ቆመች፣ ድሮ አክስትየዋን ስታመላልስ ቀሚሷን እንደምትይዘው።

“ውሸታም አልኩሽ፣ እማ።”

“ተደብቀሽ ነው ያልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ከራሴ ተደብቄ ነበር።”

ከዚያ ልጇ ዓይኗን ጠርጋ ማንጎዎቹን አየች። ከእናቷ ሕመም ወዲህ ከዚህ ሱቅ አንድ ፍሬ ወስዳ አታውቅም፤ ቤቷም አይገባም። አንዱን አንስታ አሸተተችና ይጣፍጣል ወይ አለች።

“አዲስ ሳጥን ነው፤ አባትሽ ገና አልቀመሰውም።” ቅምሻ መሸፈኛዋን አስተካክላ ቢላዋዋን አወጣች። አንድ ቁራጭ አነሳች፤ ለሁለት አልከፈለችውም። ሙሉውን ለልጇ ሰጠቻት። “አንቺ ቅመሺና ንገሪኝ።”

ልጇ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አኘከች። አባቷ ከጨርቅ ጋር እንደሚያመሳስል ታውቃለች፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ነው፤ እሷ ግን የጨርቅ ስም አታውቅም።

“ያ ሰማያዊው ቀሚሴ፣” አለች በመጨረሻ። “ትምህርት ቤት በገባሁ ቀን አባ የሰፋልኝ። ኪሱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ኪስ የነበረው።”

ቅምሻ ምራቋን ዋጠች። ያን ቀሚስ ሌሊቱን ሙሉ አልጋዬ አጠገብ ካልተሰቀለ ብላ እንዴት እንዳስቸገረቻቸው፣ ጠዋት ለብሳው በዚህ ደረጃ ላይ እንዴት እንደቆመች፣ ስታቅፋት ጨርቁ ጉንጯን ሲነካት እንዴት እንደነበረ ሁሉም መጣላት። የማንጎው ጣዕም አፏ ውስጥ ያለ ያህል ታወቃት።

የዘበኛው ሚስት ደረጃው ላይ ደርሳ ዛሬ ማንጎው ምንድነው ስትል፣ ቅምሻ ሳጥኑን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ፣

“ግዢው፣” አለቻት። “ልጄ ቀምሳዋለች።”